የባለውለታዋ ጎላ ድስት

መካኒሳ አቦ
መስከረም 29 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚካል፣

ሰላምታዬ ሆሳዕና ድረስ ይድረስሽ። እኔ ከንዴቴ በቀር ምንም አላመመኝም።

አዎ፣ የሰማሽው እውነት ነው። ጎላ ድስቱን አቶ መኩሪያ በር ላይ አስቀምጬ የመጣሁት እኔ ነኝ። ማንም አልገፋፋኝም፣ አላበድኩም፣ ደም ግፊቴም አልተነሣም። ማን እንደነገረሽም አውቃለሁ፤ ኤሌኒ ናት። ለእሷ ለብቻዋ የምላት አለኝ።

ነገሩን ከእኔ ስሚው። ከግሸን ማርያም ተመልሰን ባለፈው እሑድ የጉዞ ማኅበራችን ምሳ አደረገ። ምሳውን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ይህን ልብ በዪልኝ። በልተው ሲጠግቡ አቶ መኩሪያ ሊቀመንበርነታቸውን ይዘው ተነሡና "ዛሬ ባለውለታችንን እናመሰግናለን" አሉ። እኔ እጄን በሽርጤ እየጠረግሁ ከጓዳ ወጣሁ። ጭብጨባው፣ እልልታው ሌላ ነው። ከዚያ አበባ አበባ ባለው ወረቀት የተጠቀለለ ነገር ለሁለት ተሸክመው መጡ። ሞኟ እናትሽ ጋቢ መስሏት ነበር። ጋቢን ለሁለት የሚሸከመው እንደሌለ እንኳ አላሰብኩም። ወረቀቱ ሲቀደድ ጎላ ድስት ሆነ። ሆዱ ላይ "ለግሸኗ እናት ለወ/ሮ እፀገነት" ብለው በብየዳ አስጽፈውበታል። ኤሌኒ ጆሮዬ ሥር ጠጋ ብላ "ለሚመጣው ዓመት አሮጌው ይጠባል ብለን ነው" አለችኝ።

የግሸን እናት! እኔ እኮ ግሸንን አላየኋትም! ሰዉ ረስቶታል፤ አንቺም ረስተሽው ከሆነ ልድገመው። አንቺ ልጅ ከነበርሽበት ጊዜ ጀምሮ በየዓመቱ ከማኅበሩ ጋር እሄዳለሁ፤ ተራራው ላይ ግን አንድም ቀን አልወጣሁም። መኪና የሚቆምበት ሜዳ ላይ ጉልቻ ጎልቼ እቀራለሁ። እነሱ ነጭ ለብሰው ሲወጡ ሽንኩርት እከትፋለሁ፤ ሲወርዱ አበላቸዋለሁ። "በረከቱ ለሁላችንም ነው" ይሉኛል፣ አፋቸው በእኔ ሽሮ ተሞልቶ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። በታኅሣሥ፣ ግርግር በሌለበት ጊዜ፣ ብቻዬን እሄዳለሁ። ያለ ማኅበር፣ ያለ ድስት፣ ያለ ጭልፋ።

ስልኬን ሣጥን ውስጥ ከትቼዋለሁ፤ አትድከሚ። በስልክ ሳወራሽ "እሺ እማዬ፣ ደንበኛ መጣ" ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ደብዳቤ ግን አንቺ ፋርማሲ ውስጥ ቢገባም አፉን አይዘጋም። ጎረቤታችን ሸምሱ በየሳምንቱ ወደ ሆሳዕና ስለሚነዳ ያመላልስልናል።

እናትሽ እፀገነት


ሆሳዕና
ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣

ደብዳቤሽን ሸምሱ ፋርማሲው ድረስ አምጥቶ ሰጠኝ። ቆሜ ሳነበው ፊቴ እንዴት እንደተለዋወጠ እሱ ይንገርሽ። በዚህ ዘመን በሾፌር እጅ የሚጻጻፉ እናትና ልጅ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ስልክሽን ክፈቺ። እባክሽ።

ድስቱ ጥሩ ስጦታ አይደለም፤ እሺ። ግን በክፋት አይደለም እኮ! ሰዎቹ ይወዱሻል። ጋሽ መኩሪያ ደውለውልኝ ሊያለቅሱ ምንም አልቀራቸውም። "ሚካልዬ፣ እኛ ከላይ ሆነን ምን እናያለን? ደመናና ገደል ነው። እናትሽ ታች ሆና እንዲህ እንደምታዝን በምን እንወቅ?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ላይ ሆኖ ታች አይታይም።

ብቻዬን እሄዳለሁ ማለትሽ ግን አናዶኛል፤ አልደብቅሽም። በየትኛው ጉልበት? ሐኪሙ ከዚህ ዓመት በኋላ ደረጃ መውጣትም ይከብድሻል ሲልሽ አብሬሽ ነበርኩ። መንገዱስ? ሰው ተሰብስቦ፣ አጣርቶ፣ ደውሎ በሚሄድበት ጊዜ አንቺ ስልክሽን ሣጥን ውስጥ ከተሽ ለብቻሽ? አንድ ነገር ብትሆኚ ማን ይነግረኛል? ድንጋዩ?

ስለቱ እንደሆነ ደርሷል። ለእኔ የተሳልሽው ነው፤ እኔ ደግሞ ወጥቻለሁ። እትዬ ኤሌኒ አዝላኝ የተራራውን በር ስናልፍ ዛሬም ትዝ ይለኛል። የጸጉሯ ቅቤ አፍንጫዬ ላይ ነበር። ከዚህ በኋላ ምን ቀረ?

ልጅሽ ሚካል

የጉልበትሽን ቅባት ልኬያለሁ። ለጎረቤት እንዳታድዪው።


መካኒሳ አቦ
ጥቅምት 17 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚካል፣

ቅባቱን ተቀብያለሁ። ሌላውን አልተቀበልኩም።

"ምን ቀረ?" አልሽኝ። እግሬ ቀረ። ደግመሽ እንዳትጠይቂኝ ስለቱን እንዳለ ልጻፍልሽ። አራት ዓመት እስኪሞላሽ አልቆምሽም። እኩዮችሽ ሰፈሩን ሲያምሱት አንቺ ደጃፍ ላይ ትራስ ተደግፈሽ ታዪያቸው ነበር። ያልወሰድኩሽ ሐኪም ቤት፣ ያላስጠመቅሁሽ ጠበል የለም። አባትሽ በሞተ በዓመቱ አንድ ቀን ተንበርክኬ "እመቤቴ፣ ይህች ልጅ በእግሯ ከቆመች እኔም በእግሬ ግሸን ወጥቼ ደጅሽን እሳለማለሁ" አልኩ። በእግሬ ነው ያልኩት። በኤሌኒ እግር አላልኩም። አንቺም ቆምሽ፤ ይኸው ዛሬ ቆመሽ ትሞግቺኛለሽ።

በመጀመሪያው ዓመት ልወጣ ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ነበር። ወጥ የምትሠራው ሴት ትኩሳት ጣላት። አቶ መኩሪያ መጡና "እፀገነት፣ ለዘንድሮ ብቻ" አሉኝ። ኤሌኒ አንቺን ከጀርባዬ አውርዳ አዘለችሽ። በዓመቱም "ለዘንድሮ ብቻ" ተባለ። በኋላ በኋላ መጠየቁም ቀረ፤ አውቶቡሱ ውስጥ ወንበሬ ከድስቶቹ አጠገብ ሆነ። የእመቤቴን እንግዶች በረሃብ ጥዬ ለመውጣት አፈርኩ። እኔ አፈርኩ፤ እነሱ ግን አንድ ዓመት እንኳ "ዛሬ እኔ ልቅር" ብሎ የሚያፍር ሰው ከመካከላቸው ጠፋ። አንጀቴን የሚያሳርረው ይኼ ነው። ድስቱማ ምን አደረገኝ!

ሐኪሙ ያለውን እኔም ሰምቻለሁ፤ ጆሮዬን አላመመኝም። ለዚህ አይደል የምቸኩለው? ዘንድሮ ካልወጣሁ ስለቴን ይዤ መሞቴ ነው። የሰው ዕዳ ቢሆን ይቅር ይባባላሉ፤ ይህን ማንን ይቅር በለኝ ልበል?

ደግሞ ዝም ብዬ አልተቀመጥኩም። ጠዋት ጠዋት የባልትና ሱቄን ሳልከፍት ከመካኒሳ ተነሥቼ ወደ ሀና ማርያም በእግሬ እሄዳለሁ። ሰፈሩ "እትዬ እፀገነት ስፖርት ጀመሩ" እያለ ይስቅብኛል። ሸምሱ መኪናውን አቁሞ "እትዬ፣ ይግቡ፣ ላድርስዎ" ይለኛል፤ ሳልገባ ሲቀር ደግሞ ክላክስ እየነፋ በዝግታ ይከተለኛል። ሠርግ የወጣሁ ነው የምመስለው። ይህን ስጽፍልሽ እኔም ሳቄ መጣ፤ ግን እንዳልተናደድኩ አትቁጠሪው።

ከላይ ታች አይታይም ያልሽውን ሌሊቱን ሙሉ ሳነሣው ስጥለው አደርኩ። አይታይም ካላችሁ እሺ። ካላዩኝ በምን ልፍረድባቸው? ይህችን ብቻ ይዤላቸዋለሁ።

እናትሽ


ሆሳዕና
ኅዳር 3 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣

መውደቅሽን ከሸምሱ ሰማሁ። ሀና ማርያም መንገድ ላይ፣ ቦይ ውስጥ! ለእኔ በጻፍሽው ደብዳቤ ክላክሱንና ሳቅሽን ነገርሽኝ፤ ከዚያ ወዲህ የላክሻት ቁራጭ ወረቀት ላይ ደግሞ "ደህና ነኝ፣ በርበሬ ተወደደ" ብለሽ ዘጋሽው። ሸምሱ "አትንገራት ብለውኛል" ብሎ ሲቁለጨለጭ አሳዘነኝ። ያስማልሽው እሱን ነው፤ እኔን ግን ማን አድርገሽ ነው የምታስቢኝ?

ጉልበትሽ አብጧል አለኝ። በሽንኩርት ኬሻ አስረሽ ትቆሚያለሽ አለኝ። እኔ የሰው ጉልበት መድኃኒት ስሸጥ እውላለሁ፣ እናቴ በኬሻ ታስራለች! የጉልበት ማሰሪያ ልኬልሻለሁ፤ ኬሻውን ጣዪው።

ስለዚህ እኔም የማደርገውን አድርጌያለሁ። ጋሽ መኩሪያ ጋ ደውዬ ሽማግሌ ይዘው እንዲመጡ ለምኛቸዋለሁ። ከመጡ በሩን እንዳትዘጊባቸው። የእነሱን ካልሰማሽ ፈቃድ ወስጄ እመጣለሁ፤ በሩን ከውጭ ቆልፌብሽ ቁልፉን ይዤ እመለሳለሁ። ቀልድ አይደለም።

ስላመመሽ አዝናለሁ። ስለዋሸሽኝ ግን ገና ንዴቴ አልበረደም።

ሚካል


መካኒሳ አቦ
ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ሚካል፣

የላክሻቸው ሽማግሌዎች መጡ። በሩን አልዘጋሁባቸውም፤ ያሳደገኝ ሰው አለ። መኩሪያና ኤሌኒ ናቸው። ምን ይዘው የመጡ ይመስልሻል? ያንኑ ድስት! አጥበው፣ ወልውለው፣ ለሁለት ይዘው።

አቶ መኩሪያ ጉሮሯቸውን ጠርገው "እፀገነት፣ በድለን ከሆነ እንካሳለን። ለጥር አስተርእዮ ማኅበሩ ይሄዳል። ከፊት ወንበር ይዘንልሻል፤ ድስት አትነኪም" አሉኝ።

እውነት እላለሁ፣ "እግዜር ይስጥልኝ" ልል አፌን ስከፍት እሳቸው ቀጠሉ።

"ብቻ አዲሷ ወጥ ሠሪ የአንቺን ልክ አታውቀውም። እዚያው ሜዳው ላይ ሆነሽ ለዘንድሮ እንኳ ብታሳያት…"

"ለዘንድሮ ብቻ?" አልኳቸው።

"ለዘንድሮ ብቻ!" አሉ፤ ደስ ብሏቸው። የገባኝ መስሏቸው።

ከዚያ ያልኩትን አልጽፍልሽም፤ ጾም ገብቷል። ኤሌኒ እጄን ይዛ አለቀሰች። "እፅዬ፣ አላየንሽም እኮ፤ በልጄ እምልልሻለሁ። ከዚያ ላይ ሰው ጉንዳንም አያክል። ብናይሽ ኖሮ ዝም እንል ነበር?" አለችኝ። እንባዋ የእውነት ነበር። አብረን ስንት ዓመት ኖረናል፣ አራስ ጠይቃኛለች፣ ባሌን ቀብራልኛለች። እውነትም ካላዩኝ ተራራው ላይ ወጥቼ ይቅር ልበላቸው ብዬ በልቤ ቆረጥኩ።

ሲወጡ ታዲያ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? ሽምግልናው ፈርሶ፣ እኔ እንቢ ብዬ፣ ኤሌኒ ከበር ተመልሳ "መሄድሽ ካልቀረ የክርስትና ስሜን አስጠሪልኝ፤ ወለተ ማርያም ነኝ" አለችኝ። አቶ መኩሪያም ከውጭ ሆነው "የእኔም ገብረ መድኅን ነው" ብለው ጮኹ። ድስቱን ደጃፌ ላይ ትተውልኝ ሄዱ።

ሚካል፣ ይህ ደብዳቤ ሲደርስሽ እኔ መንገድ ላይ ነኝ። እስከ ደሴ በአውቶቡስ፣ ከዚያ ወዲያ ባገኘሁት መኪና። መንገዱን አጣርቻለሁ፤ ሞኝ አይደለሁም። ጉልበቴን በኬሻ ሳይሆን አንቺ በላክሽው ማሰሪያ አስሬዋለሁ። ቁልፉ የሸምሱ ሚስት ጋ ነው። ልትቆልፊብኝ ከመጣሽ ባዶ ቤት ነው የምትቆልፊው። ከመጣሽ ግን ምስሩን ቀቅለሽ ብዪ፤ ጓዳ ውስጥ አለ።

ተቆጥተሽ አትለይኝ። እኔ ተቆጥቼም ቢሆን እወድሻለሁ።

እናትሽ


ግሸን
ታኅሣሥ 5 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለሚካል፣

ቤት መምጣትሽን ደሴ ላይ ሰማሁ። በሰው ስልክ ሸምሱ ጋ ደውዬ ነበር፤ አንቺን አቅርብልኝ ያላልኩት ድምፅሽን ከሰማሁ እንዳልመለስ ፈርቼ ነው። ይህን ደብዳቤ የያዘችልኝ የብስራተ ገብርኤል ሰፈር ሰው ናት፤ ሻይ እንዳትነሺያት።

ወጥቻለሁ። በእግሬ።

እንዴት እንደወጣሁ አትጠይቂኝ። ከፊሉን በዱላ፣ ከፊሉን በእጄ፣ ከፊሉን ተቀምጬ ነው። አንድ ቦታ ላይ ጉልበቴ እንቢ ሲለኝ "አንተ ከዳተኛ፣ ለሽንኩርቱ ስትቆም አልነበር?" ብዬ ጮኽኩበት። መንገድ ላይ ያገኙኝ ሁለት ሴቶች ጸበል የመጣሁ ሳይመስላቸው አልቀረም። ደጁ ጋ ስደርስ ግን ንዴቴም ጉልበቴም አንድ ላይ ዝም አሉ። ወድቄ ተሳለምኩ። አለቀስኩ። አንቺ መቆምሽን አሁን ገና ያየሁት መሰለኝ። አመሰገንኩ፤ ልጄ፣ ደርሷል። ከእንግዲህ ደረጃ መውጣት ባቆምም ግድ የለኝም።

አንድ አባት መጥተው "የማንን ስም እናንሣ?" አሉኝ። "ወለተ ኪዳን" አልኩ። "እሷ ማናት?" አሉኝ። "እኔ ነኝ" አልኩ። ሚካል፣ ማኅበሩ ከሜዳው ሲነሣ እርስ በርሱ ስም ይቀባበላል፤ ያንቺ ማን ነው፣ የባልሽስ፣ የታመመው ልጅስ ይባባላል። እኔን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ሰው ጠይቆኝ አያውቅም። አብራን አለች ብለው ይሆናል። የአንቺን አስጠራሁ፣ የአባትሽን አስጠራሁ። ወለተ ማርያምንና ገብረ መድኅንንም አስጠራሁ፤ አደራ ነውና።

ከዚያ ይቅር ልላቸው ወደ ገደሉ አፍ ሄድኩ። እዚያ ቆሜ፣ የማይታየውን ሜዳ ወደ ታች እያየሁ፣ "አላያችሁኝም፤ ይቅር ብያችኋለሁ" ልል። እንዲህ አስቤ ነው የመጣሁት።

ይታያል።

ሚካል፣ ይታያል። ሜዳው በሙሉ ይታያል። ጠዋት ሜዳው ላይ ሻይ የሸጠችልኝ ሴት አለች፤ ቀይ ሻሽ አስራለች። ሻሿን አየሁት። ጎንበስ ብላ እሳቷን ስታራግብ አየኋት። ጭሱ ፊቷ ላይ ሲመጣ ዞር ስትል እንኳ አየሁ። ደመና አለ አላችሁ፤ አንዳንድ ቀን ይኖር ይሆናል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ግን በየቀኑ ደመና ነበር? እዚያ ገደል አፍ ላይ አረፍ ብለው፣ ነፋስ እየተቀበሉ፣ "ምሳ ደርሷል ወይ" ብለው ጭሴን ሲያዩ ነው የኖሩት።

ይቅርታዬን ይዤ ተመለስኩ። አልሰጠኋቸውም።

አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። አይታይም ያልሽኝ ራስሽ ትዝ ብሎሽ ነው ወይስ ሰምተሽ? አንቺ ልጅ ነበርሽ፤ አልፈርድብሽም። ግን ንገሪኝ።

ደሴ አክስትሽ ጋ ወርጄ ጉልበቴን አሳርፋለሁ። መልስሽን ወደዚያ ላኪው።

እናትሽ


መካኒሳ አቦ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

እማዬ፣

እንኳን ደረስሽ። እንኳን ስምሽ ተጠራ።

ሰምቼ ነው። እኔ የማስታውሰው የእትዬ ኤሌኒን ጸጉርና በሩን ብቻ ነው። ሌላውን እነሱ ሲሉ ሰምቼ እንዳየሁት ሰው ጻፍኩልሽ።

ደብዳቤሽን ይዤ እትዬ ኤሌኒ ቤት ሄድኩ። ጋሽ መኩሪያም እዚያ ነበሩ፤ የጥር አስተርእዮን ጉዞ ሲያወሩ ደረስኩ። እንዳትቆጪኝ፣ "ይታያል" ያልሽውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላቸው። ጋሽ መኩሪያ ሻርፓቸውን ማስተካከል ጀመሩ። እትዬ ኤሌኒ ግን ልታባብለኝ ፈልጋ "አይ ሚካልዬ፣ እናትሽ ደግሞ! አንቺን ችላ ያልንሽ ጊዜ አለ? ያኔ እዚያ ላይ ሆነሽ እማዬን ብለሽ ስታለቅሺ፣ ገደሉ አፍ ላይ ወስጄ 'ያቻት እናትሽ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ' ብዬ በጣቴ አሳይቼሽ አይደል ዝም ያልሽው?" አለችኝ።

ብላ ከጨረሰች በኋላ ነው የገባት። "በልጄ እምልልሻለሁ" ያለችሽን ላስታውሳት አፌ ላይ ነበር፤ ተውኩት፤ ፊቷ ራሱ አስታወሳት።

በጣቷ አሳይታኛለች እማዬ። እኔም አይቼሽ፣ ተጽናንቼ፣ ዝም ብያለሁ። ሁላችንም አይተንሽ ዝም ብለናል።

ሁለት ወር ሙሉ የጻፍኩልሽ ንዴት ንዴት አልነበረም፤ ፍርሃት ነበር። አሁን ግን ተናድጃለሁ። ይቅርታሽን ያዢው፤ እኔ እንኳ ስጪኝ አልልሽም።

ወደ ቤት ስመለስ ድስቱ ደጃፋችን ላይ ነበር። ሸምሱ "ልርዳሽ" አለኝ፤ እንቢ አልኩት። ብቻዬን ተሸክሜ፣ በዋናው መንገድ፣ ሰው እያየኝ፣ ጋሽ መኩሪያ በር ላይ አስቀምጬው መጣሁ። ትከሻዬ እስካሁን ያመኛል። ይከብዳል እማዬ። ባዶውን እኮ ነው የተሸከምኩት።

ልጅሽ ሚካል